ለፕላስቲክ ጠመንጃ ዋስ ፍለጋ

እኔ ሕግ አክባሪ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ልመካ ብዬ አይደለም፤ እንደ በሽታ ቁጠሩልኝ። ጭር ባለ መንገድ ላይ እንኳ ግራና ቀኝ ሳላይ አልሻገርም። ትራፊክ ፖሊስ ሲያጋጥመኝ በእግሬ እየሄድኩም ቢሆን ወደ ጥግ እጠጋለሁ። ባንክ በር ላይ ጥበቃው «እለፍ» ሲለኝ «ልፈተሽ እንጂ» ብዬ እጄን ዘርግቼ የቆምኩበት ቀን አለ። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለውን ተረት የተረተው ሰውዬ እኔን ሳያየኝ አልቀረም።

በሽታው ከየት እንደያዘኝ እጠረጥራለሁ። ሐይቅ ዳር አጠገብ የማስታወቂያ ሥራ ቤት አለችኝ። «ትኩስ ዓሣ አለ» ከሚለው ጀምሮ ሰው የሚያስጽፈውን ሁሉ እጽፋለሁ፤ እንጀራዬ ግን «ክልክል ነው» ነው። መኪና ማቆም ክልክል ነው፣ መሽናት ክልክል ነው፣ ያለ ጉዳይ መግባት ክልክል ነው። ሐዋሳ ውስጥ ከተከለከለው ነገር ግማሹን የከለከልኩት በገዛ ብሩሼ ነው። ሰው ጠዋት ማታ «ክልክል ነው» ሲጽፍ ውሎ ነፃ ሆኖ ሊያድር አይችልም።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና ወደ ማርታ ልምጣ። ማርታ የምወዳት ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ ታስተምራለች፤ እሁድ እሁድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችንን የወጣቶች ድራማ ክፍል ትመራለች። «ሽማግሌ እልካለሁ» ካልኳት ዓመታት አልፈዋል። ቃሌን አላጠፍኩም፤ አልላክሁም እንጂ «አልልክም» ብዬ አላውቅም። ያስፈሩኝ አባቷ ናቸው። አቶ ሀመሶ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው። አንዲት እስክሪብቶ ከመጋዘን ለማውጣት ሁለት ሰው ያስፈርማሉ ይባላል። ለእስክሪብቶ እንዲህ የሆኑ ሰው ልጃቸውን ምን አስፈርመው እንደሚሰጡ እያሰብኩ ስፈራ ጊዜው ነጎደ። በዚያ ላይ እኔ የሶዶ ልጅ ነኝ፤ እዚህ ከተማ ውስጥ ከፊቴ የሚቀድም አጎት የለኝም።

ባለፈው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ የፊቼ በዓል ሰሞን ማርታ ሱቄ መጣችና ቀለም ያልነካውን ወንበር መርጣ ተቀመጠች።

«አዲስ አበባ ያለ የአንድ መሐንዲስ ቤተሰቦች ስለ እኔ እያጠያየቁ ነው» አለችኝ። «አባዬ ቀን ሊሰጣቸው ነው።»

«እኔ እኮ በዚህ ሰሞን...»

«በዚህ ሰሞን ምን?»

«እልካለሁ።»

ማርታ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እኔም ደክሞኛል» አለች። «አንተ አንድ ነገር ጀምረህ ስትጨርስ አንድ ቀን ማየት እፈልጋለሁ። እሱን ካላየሁ አባዬን አላስቆመውም። እስቲ ቢያንስ የድራማዬን ጠመንጃዎች ጨርስልኝ።»

ድራማው የራሷ ድርሰት ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ የሰው ልጅ ጨረቃ ላይ ሰፍሮ ፈጣሪውን ረስቷል። አንድ ሰባኪ ተነስቶ ሲያስተምር የጨረቃ ፖሊሶች በጨረር ጠመንጃ ይከቡታል፤ ሊተኩሱ ሲሉ ግን ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። ለእነዚህ ፖሊሶች የሚሆን ጠመንጃ መሥራት የእኔ ድርሻ ነበር። አደራውን ከተቀበልኩ ቆይቻለሁ። ለእኔ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ጠመንጃ መሆኑ ቀረ። ማርታን የማጣት ወይም ያለማጣት ጉዳይ ሆነ።

በማግስቱ ሥራ ጀመርኩ። የጠመንጃው ገላ ከውሃ መስመር የተረፈ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። አፈሙዙ የተጣለ የሻወር ራስ፣ እጀታው ከሴቶች ፀጉር ቤት የለመንኩት የተቃጠለ የፀጉር ማድረቂያ፣ ብርሃኑ ደግሞ አረንጓዴ የቀባሁት የባጃጅ ፍሬቻ። ከአንድ የልጆች መጫወቻ የነቀልኩትን ጯሂም ጨመርኩበት። ማርታ «ጨረር ድምፅ የለውም፣ ጨረቃ ላይም አየር የለም፣ ጯሂውን አውጣው» ብላኝ ነበር። እኔ ግን ድምፅ የሌለው ጠመንጃ ማንን ያስፈራል ብዬ ተውኩት። ብርማ ቀለም ሲረጭበትማ በገዛ ሥራዬ ደነገጥኩ።

ከእኔ በላይ የደነገጠው የባጃጅ ሹፌር ነበር። ከባጃጁ ኋላ «ጌታ እረኛዬ ነው» ሊያስጽፍ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ የተጋደመውን አየ። ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ፣ የኋሊት እየተራመደ፣ ባጃጁን ሞተሩ እንደተነሳ ትቶልኝ ሄደ። ተመልሶ የመጣው ወንድሙን ልኮ ካጣራ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ማሰብ ጀመርኩ፤ ሰው መከራውን የሚጠራው ማሰብ ሲጀምር ነው። በዓል እየደረሰ ስለነበር በዓሉ ከሚከበርበት ከጉዱማሌ ሜዳ ጀምሮ በየመንገዱ ፍተሻ አለ። በቤተ ክርስቲያናችን በርም ላይ ሰው ይፈተሻል። እነዚህን ጠመንጃዎች ከሱቄ እስከ መድረኩ እንዴት አድርጌ ላድርሳቸው? ጤነኛ ሰው ቢሆን ፈታትቶ ማዳበሪያ ውስጥ ይከትና ይሄዳል፤ ማነው ቱቦና የሻወር ራስ ይዘሃል የሚለው? እኔ ግን ፈቃድ ላወጣ ወሰንኩ። ሁለት ጨርሼ ስለነበር አንዱን ሱቅ ትቼ፣ አንዱን በቦርሳ ይዤ በገዛ እግሬ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ።

በር ላይ የቆመው ፖሊስ «ቦርሳው ውስጥ ምንድነው?» አለኝ።

«ጠመንጃ» አልኩት።

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል። የእኔ ጭንቅላት ከታየ በኋላ የሆነውን በዝርዝር አላስታውስም። የማስታውሰው በደረቴ አስፋልት ላይ ተኝቼ ቀና ስል «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» የሚለውን የጣቢያውን ሰሌዳ ማየቴን ነው። የእኔ ሥራ ነው። ከታች ሲታይ የመጀመሪያዋ «ክ» ትንሽ ዘምማለች፤ አንድ ቀን ላስተካክላት ይገባል።

ጠመንጃው ተፈትሾ ከውስጡ ፍሬቻ ሲወጣ አነሱኝና አንድ ሳጅን ፊት አቀረቡኝ። ሳጅኑ ሸምገል ያለ፣ በቀላሉ የማይስቅ ሰው ነው። ጠመንጃውን ከፊቱ አስቀምጦ ብዙ ካየው በኋላ ቃሌን መቀበል ጀመረ።

«ይሄ ምን ይተኩሳል?»

«ብርሃን።»

«ሰው ይገድላል?»

«ድራማው ላይ አዎ። ማለቴ፣ ሊተኩሱ ሲሉ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል።»

«ማን ላይ ሊተኩሱ ሲሉ?»

«ሰባኪ ላይ።»

ሳጅኑ ቀና ብሎ አየኝና መልሶ ጻፈ። «ርቀቱስ?»

እዚህ ላይ «ከመድረኩ አያልፍም» ብል ኖሮ ምሳዬን ቤቴ እበላ ነበር። ነገር ግን ለሕግ አስከባሪ የተዛባ መረጃ መስጠት ነውር መሰለኝ። ማርታ ያስተማረችኝን አስታወስኩ፤ ብርሃን የሚጋርደው ካላገኘ አይቆምም።

«ካልተጋረደ አይቆምም» አልኩት።

«እስከ የት?»

«ጨረቃ ድረስ ይሄዳል። ከዚያም ያልፋል።»

ሳጅኑ ጽፎ ሲጨርስ አነበበልኝ። «በገዛ እጁ የሠራውን፣ እስከ ጨረቃና ከዚያም በላይ የሚተኩስ መሣሪያ ይዞ በራሱ ፈቃድ ቀርቧል።» ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ይህን ለአለቃዬ ሳቀርብ ጨረቃ በየትኛው ክፍለ ከተማ ነው ያለችው ቢለኝ ምን እላለሁ?»

ይቅርታ ጠየቅሁ። የመጣሁት ፈቃድ ፈልጌ ብቻ መሆኑን፣ ጠመንጃው ጠመንጃ አለመሆኑን አስረዳሁ። ሳጅኑ በትዕግሥት ሰማኝና በትዕግሥት መለሰልኝ።

«ስማኝ ወንድሜ። ይሄ ጠመንጃ ከሆነ መሥራትህ ወንጀል ነው። ጠመንጃ ካልሆነ ፈቃድ የለውም፤ እኔ ለቱቦ ፈቃድ ሰጥቼ አላውቅም። ነገር ግን ጠመንጃ ስለሚመስል ያለ ፈቃድ ይዘኸው ልትወጣ አትችልም።»

«ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

«አለመምጣት» አለኝ።

ቢሆንም ደግ ሰው ነው፤ መውጫ ፈለገልኝ። ቀበሌዬ «ይህ ዕቃ መሣሪያ አይደለም» የሚል ማስረጃ ከጻፈልኝ ሁሉንም ጠመንጃዎች ያሳልፍልኛል። እስከዚያ ግን ይዤ የመጣሁት ጣቢያ ይቆያል። ኤግዚቢት ክፍል አስገቡት፣ የእኔንም ስም ጽፈው አንጠለጠሉበት። ዕድሜ ልኬን ከሠራሁት ሥራ እንደዚያ በክብር የተቀመጠልኝ የለም።

ቀበሌ ስደርስ መስኮቱ ፊት ሰልፍ አለ። ተራዬ ደርሶ ጉዳዬን ስናገር የመዝገብ ሠራተኛዋ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

«እዚህ የነዋሪነት አለ፣ የልደት አለ፣ ያላገባ አለ» አለችኝ። «መሣሪያ ያልሆነ የሚባል የለንም።»

«ያላገባ ስትሰጡ እኮ ያልሆነ ነገር ነው የምትመሰክሩት» አልኳት። «ሰውዬው አላገባም፤ ጠመንጃዬም ጠመንጃ አይደለም። ያው ነው።»

ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ተከፈለ። አንዲት እናት «እውነቱን ነው» አሉ። አንድ ጎልማሳ «እንዴት ያው ይሆናል? ያላገባ ነገ ሊያገባ ይችላል፤ ቱቦ ግን ነገም ቱቦ ነው» አለ። ሠራተኛዋ ሁለቱንም አዳምጣ ለሁለቱም ትንሽ ትንሽ ፈረደች።

«እሺ፣ እንደ ያላገባ እናየዋለን። ሦስት ምስክር ታመጣለህ፤ ሸምገል ያሉ፣ ሰፈሩ የሚያውቃቸው። ነገሩ መሣሪያ ነክ ስለሆነ ደግሞ ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ ዋስ ያስፈልጋል።»

«ዋሱ ለእኔ ነው?»

«አንተማ መታወቂያ አለህ። ዋሱ ለሱ ነው። ነገ መሣሪያ ሆኖ ቢገኝ ማንን እይዛለሁ?» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለራስህ ያላገባ አትፈልግም? አብሬ ልጨርስልህ» አለችኝ።

«ለጊዜው ይቆየኝ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለችና ቀጣዩን ጠራች።

ምስክር ማግኘቱ አልከበደም። የቤት አከራዬ ጋሽ ዳዊት ጡረታ የወጡ መምህር፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ናቸው። ንግግር ማድረግ የሚያስችል አጋጣሚ ሲያጡ ጤናቸው ይታወካል። ነገሩን ስነግራቸው ወዲያው ሁለት ጓደኞቻቸውን ይዘው ሱቄ ከተፍ አሉ። ነገር ግን ሐቀኛ ሰዎች በመሆናቸው ሳይፈትኑ አይመሰክሩም። የቀረውን ጠመንጃ ይዘን ጓሮ ወጣን። ጋሽ ዳዊት የገዛ አውራ ዶሯቸው ላይ አነጣጥረው ቃታውን ሳቡ። አረንጓዴው በራ፣ ጯሂው ጮኸ። ዶሮው አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየንና ጭሮ መብላቱን ቀጠለ። ሁለተኛውም ሽማግሌ ተኮሱ፣ ሦስተኛውም ተኮሱ፤ ማስረጃው ከበቃ በኋላም ተራ ይጠባበቁ ነበር። በመጨረሻ መሣሪያ አለመሆኑን በሙሉ ድምፅ አጸደቁ።

ዋስ ግን ጠፋ። የማውቀውን የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ለመንኩ። አንዱ የእርሻ ባለሙያ ወዳጄ «ለሰው ዋስ ሆኜ አውቃለሁ፤ ሰው ቢጠፋ ዘመዱን እጠይቃለሁ። ጠመንጃ ቢጠፋ ማንን እጠይቃለሁ?» አለኝ። «አይጠፋም፣ ፖሊስ ጣቢያ ነው ያለው» ብለው «ይባስ» ብሎ ትቶኝ ሄደ። የድራማው ቀን እየቀረበ፣ የመሐንዲሱ ቤተሰቦችም እየደወሉ ነው። ማርታ ጠመንጃዎቹ የት እንደደረሱ ስትጠይቀኝ «አንዱ መንግሥት ዘንድ ነው» አልኳት።

ጋሽ ዳዊት አንድ ቀን ማታ ጠሩኝ። «አግኝቼልሃለሁ» አሉኝ። «ቋሚ ሠራተኛ፣ የተከበረ ሰው፣ ፊርማው የማያጠራጥር። አቶ ሀመሶ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ጋሽ ዳዊት እኔንና ማርታን የሚያውቁን በድራማ ክፍል ብቻ ነው፤ ፍቅራችንን እንኳን ለእሳቸው ለግድግዳም አልነገርኩም። በዚህ ቦታ ላይ መናገር ነበረብኝ። ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ያለ ጊዜው የተከፈተው አፌ እዚህ ያለ ጊዜው ተዘጋ።

«እንዲያው በመንገድ አግኝቼ ብጠይቃቸውስ?» ብቻ አልኩ።

«ነውር ነው» አሉ ጋሽ ዳዊት። «እንደሱ ያለ አባት መንገድ ላይ ተይዞ ዋስ ሁነኝ አይባልም። በወጉ ይኬዳል። ሦስታችን መስክረን የለ? ሦስታችንም እንሄዳለን፤ እሁድ ከአምልኮ በኋላ። አንተ አትመጣም፤ ባለጉዳይ አብሮ ሲሄድ ደስ አይልም።»

ፈሪ ሰው «አትመጣም» ሲባል እንደሚደሰተው ሌላ ጊዜ አይደሰትም። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ፤ እኔም ሣሩን ብቻ አይቼ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ።

እሁድ ሦስቱም ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው ተሰለፉ። የጋሽ ዳዊት ባለቤት ጠመንጃውን በንጹሕ ነጠላ ጠቀለሉላቸው። በባጃጅ ተጭነው በቱላ መንገድ ወደ አቶ ሀመሶ ቤት ሲሄዱ ከኋላ አየኋቸው። ሦስት ሽማግሌ፣ እሁድ ከሰዓት፣ ሙሉ ልብስ፣ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር። ያኔ ነው የገባኝ። ይህን አይቶ ስለ ጠመንጃ የሚያስብ አንድም ሰው በዚህ አገር የለም። ሌላ ባጃጅ ይዤ ተከተልኳቸው። ደርሼ ላስቆማቸው ነበር፤ ስደርስ ግን ግቢው ውስጥ ገብተዋል። እኔም ከጓሮ በኩል በአጥሩ ክፍተት ሾልኬ እንሰቱ ውስጥ ተደበቅሁ።

ቤቱ ታምሷል። የማርታ እናት እልልታ ሊያመልጣቸው ሲል አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው ወደ ማድ ቤት ሲሮጡ አየኋቸው። ወንበር ይወጣል፣ ጠረጴዛ ይጎተታል። ከቆጮ የሚሠራው ቡርሳሜ ሊዘጋጅ ቅቤ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ማርታ ቢላዋ ይዛ ቅጠል ልትቆርጥ ወደ እንሰቱ መጣች። አንዱን ቅጠል ገለጥ ስታደርግ ከኋላው እኔ ነኝ።

አልጮኸችም። ቢላዋው ከእጇ ወደቀና ፊቷ በራ። እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ትናንት ማታ እኮ ለአባዬ ‹ለእነዚያ ሰዎች ቀን ስጣቸው› ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ተስፋ ቆርጬ ነበር።»

በዚያች ሰዓት ራሴን ጠላሁት። ከሰው ሁሉ የምወዳት ልጅ በፊቴ ቆማ በደስታ ስታለቅስ፣ የደስታዋ ምክንያት የቱቦ ዋስ ፍለጋ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

«ማርታ፣ ሽማግሌዎቹ እኮ...»

«ዝም በል፣ እንስማ» አለችና እጄን ይዛ ወደ መስኮቱ ሥር ጎተተችኝ።

ውስጥ አቶ ሀመሶ «ዳኤ ቡሹ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ተቀመጡ» ይላሉ። ጋሽ ዳዊት «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላሉ። ወጉ ነው፤ ማርታ እጄን ጠበቅ አደረገችው። ጸሎት ተደረገ። ከዚያ ጋሽ ዳዊት ንግግራቸውን ጀመሩ። ከአዳም ተነስተው፣ በኖኅ በኩል አድርገው፣ ስለ መልካም ጉርብትና ሰፋ ያለ ማብራሪያ ሰጥተው ወደ እኔ ደረሱ። ጨዋ ነው፣ ታታሪ ነው፣ ጉዳት ላይ እስኪወድቅ ድረስ ሐቀኛ ነው አሉ። ማርታ ከጎኔ በእያንዳንዱ ቃል ራሷን ትነቀንቃለች። እኔ መሬት ብትከፈትልኝ ፈቃድ ሳልጠይቅ እገባ ነበር።

«ስለዚህ» አሉ ጋሽ ዳዊት ነጠላውን እየፈቱ፣ «የመጣነው ይህ ልጅ ለሠራው ለዚህ የድራማ ጠመንጃ ቀበሌ ዘንድ ዋስ እንዲሆኑለት ልንለምንዎ ነው።»

ማድ ቤት ውስጥ የሆነ ሰሃን ወድቆ ተሰበረ። ማርታ ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ።

«ለጠመንጃ?» አለችኝ።

«አዎ» ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

በመስኮቱ አጮልቄ ሳይ አቶ ሀመሶ ጠመንጃውን ተቀብለው ግራ ቀኙን አገላበጡት፤ ሥር ሥሩን አዩት። «ቁጥር የለውም» አሉ። ቃታውን ሳቡት። አረንጓዴው ግድግዳው ላይ በራ፣ ጯሂው ጮኸ፣ ከማድ ቤት የማርታ እናት «በኢየሱስ ስም» ሲሉ ተሰማ።

«ሠሪው የት ነው?» አሉ አቶ ሀመሶ።

ማርታ በእጅጌዬ ይዛ፣ በበሩ አስገብታ መሐል ቤት አቆመችኝ። «ይኸው» አለች። ጸጉሬ ላይ የእንሰት ቅጠል ነበረ።

አቶ ሀመሶ አልጮኹም። ይሄ ቤተሰብ ሲቆጣ ድምፁን አያነሳም። «እኔ ይህን ልጅ ስንት ጊዜ በሬን ከፍቼ ጠበቅሁት» አሉ ለሽማግሌዎቹ። «ከአዲስ አበባ ሰዎች ሲደውሉ ‹ትንሽ ታገሱኝ› እላለሁ፤ ልጄ ልቧ የት እንዳለ አውቃለሁና። ዛሬ ሦስት የተከበሩ ሰዎች በሬ ላይ ሳይ እንኳን ታገስኩ አልኩ። ለካ ለቱቦ ነው። ለልጄ አንድ ሽማግሌ ያጣ ሰው ለቱቦ ሦስት ላከ።»

ይህን ያህል እውነት በአንድ ጊዜ ተነግሮኝ አያውቅም። ጋሽ ዳዊት ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ፣ ይህን ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቁኝም፣ ጋሼ።»

«ዶሮዬ ላይ ስታስተኩሰኝ ጊዜ ነበረህ» አሉኝ። ሆኖም መምህር ናቸውና ቶሎ ራሳቸውን ሰበሰቡ። «አቶ ሀመሶ፣ እኛ ገና እንደቆምን ነን። የቆመ ሽማግሌ ሌላም ሊለምን ይችላል።»

«በአንድ ቀን ከአንድ ቤት ሁለት ነገር አይወጣም» አሉ አቶ ሀመሶ። «በመሥሪያ ቤቴም አላደርገውም። ይምረጥ። ጠመንጃውን ካለ አሁኑኑ እፈርማለሁ፤ የአዲስ አበባ ሰዎችም ነገ ቀናቸውን ያገኛሉ። ልጄን ካለ ልመናውን እሰማለሁ፤ ስለ ጠመንጃው ግን ዳግመኛ ማንም እንዳያነሳብኝ።»

እናንተ ይህ ምን ምርጫ ነው ትሉ ይሆናል። ለእኔ ቀላል አልነበረም። ድራማው የማርታ ነው። «አንድ ነገር ጀምረህ ስትጨርስ ልይ» ያለችኝ እሷ ናት። አሁን ጠመንጃውን ብተው ደግሞ ሳልጨርስ ቀረሁ ማለት ነው። ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ልጅ ወደ እሷ ተመለከትኩ። ማርታ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች፣

«አየር በሌለበት ጨረር በዓይን አይታይም» አለች።

«ምን?»

«ጨረቃ ላይ አየር የለም ብዬሃለሁ። ፖሊሶቼ ባዶ እጃቸውን ቢዘረጉም ሳይንሱ ያው ነው። ጠመንጃ አያስፈልገኝም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን አሠራሽኝ?»

«ስትጨርስ ላይ ፈልጌ።»

«ልጅዎን» አልኩ ለአቶ ሀመሶ። ለዓመታት የፈራኋት ቃል ይህችው ናት፤ ስትወጣ ምንም አላለችኝም።

አቶ ሀመሶ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ግን ያለ ዋስ ምንም አላወጣም።»

«አባዬ፣ እኔ ዕቃ አይደለሁም» አለች ማርታ።

«አውቃለሁ። ዕቃ ብትሆኚ ቁጥር ይኖርሽ ነበር፣ እኔም እንዲህ አልሰጋም ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ለዚህ ልጅ ማነው ዋሱ?»

ጋሽ ዳዊት ከዘራቸውን ተመለከቱ። ሁለተኛው ሽማግሌ ሳል መጣባቸው፤ ሦስተኛው መስኮቱን ማድነቅ ጀመሩ። ለቱቦው ከመሰከሩት ሰዎች ለእኔ አፉን የሚከፍት ጠፋ። አልፈርድባቸውም፤ ቱቦውን ፈትነውታል።

«እኔ» አለች ማርታ።

አቶ ሀመሶ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ቋሚ ሠራተኛ ነሽ» አሉ ለራሳቸው ያህል። «ቢጠፋስ?»

«ፈልጌ አመጣዋለሁ» አለች። «የሚደበቅበትን አውቃለሁ።»

አቶ ሀመሶ ጸጉሬ ላይ ያለውን ቅጠል አዩና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ነው። ሲመለሱ ፊታቸው እንደ ቀድሞው ኮስተር ብሏል።

«በሉ እንግዲህ ተቀመጡ» አሉ ለሽማግሌዎቹ።

ሦስቱም ተቀመጡ። በአገራችን ሽማግሌ ተቀመጠ ማለት ነገሩ መንገድ ያዘ ማለት ነውና ከማድ ቤት ታፍኖ የቆየው እልልታ ወጣ። ማርታ ቡርሳሜውን ልታመጣ ሄደች። እኔም መቀመጫ ፈለግሁ። አንድ ወንበር ቀርቶ ነበር፤ ጠመንጃው በነጠላው ላይ ተጋድሞበታል። አንስቼ ልቀመጥ እጄን ከዘረጋሁ በኋላ መለስኩትና፣ ማንሳት ይፈቀድልኝ እንደሆነ አቶ ሀመሶን ጠየቅሁ።